አሥራ ሁለት ግራም

በሰኞ ገበያ፣ በእንድሪስ ሚዛን ላይ፣
አብሽና ጥቁር አዝሙድ በሚቆነጠርበት፣
ድሮኔን አኖርኳት ክንፏን አጣጥፌ፣
በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከብብቴ አቅፌ።
«ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት» አለ እንድሪስ፣
መነጽሩን ሳያነሣ፣ ጣቱን ከዱቄት ሳያብስ።
«ስንት ነው የሚሉት?»
«ሁለት መቶ ሃምሳ።»
«እንግዲያው አሥራ ሁለት ግራም ትክሳ።»

መመሪያው የወጣ ሰሞን ነው፤
ከዚያ በላይ የከበደ ይመዝገብ፣ ቁጥር ይለጠፍበት፣
ባለቤቱ ዋስ ይጥራ፣ ፎቶ ይስጥ፣ ይመርመር፣
ወደ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ሐረጎን አይሻገር፤
ከዚያ በታች ያለው እንደ መጫወቻ ይቆጠር።

እኛ ሦስት ነን። ማኅበር እንኳ አንባልም።
ይመር ሆጤ ፊዚክስ ያስተምራል፤
ዘሀራ የጥርስ ሐኪም ናት፣
የቦርከናን ጎርፍ ከላይ እየቀረጸች በየዓመቱ የምታስቀምጥ፤
እኔ ፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኝ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ጦሳ ላይ ተገናኝተን
ደሴን ቁልቁል ማየት፣ ሌላ ሱስ የሌለን።

ዘሀራ ተቆጣች፦ «ጥርስ ስነቅል ያመኑኝ
አየር ስነካ ለምን ይጠረጥሩኛል?»
ይመር ስለ ጭልፊቷ ቀለደ፦ «እሷስ በማን ማኅተም ነው?»
እንዲህ ያለ ቀልድ ደንብ በወጣ ቁጥር አይጠፋም፤
ሳቅን፤ ግን አልቀለለንም።

ማታ መፍቻ ይዤ ተቀመጥኩ።
እግሮቿን ቆረጥኩ፤ አራት ግራም።
መብራቷን ነቀልኩ፤ ሁለት።
የካሜራዋን ክዳን፣ ትርፍ ብሎኖቿን፣
ሙጫውን በምላጭ፣ አቧራውን በትንፋሽ።
ልጄ ነፊሳ ሆዷ ሥር የለጠፈችው ቢራቢሮ ነበረ፣
አንድ ግራም እንኳ አይሞላ፤
እሱንም በጥፍሬ ላጥኩት።
ሁለት ቀን አላናገረችኝም።
ሰው ለሠርግ ይከሳል፣ ሰው በጾም ይከሳል፣
የኔዋ ለመመሪያ ከሳች።

ልክ ሁለት መቶ ሃምሳ። እንድሪስ አጨበጨበ።

ቅዳሜ ማለዳ ለቀቅኳት።
ነፋሱ ከአዝዋ ገደል ሽቅብ ሲነሣ
እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፤
የቀነስኩት ለካ ሚዛኗን ነበር።
ቁልቁል ወሰዳት፣
ከአንድ ጓሮ፣ ከጎመን መደብ በላይ።
አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤
ድምፁን ስትሰማ ቀና አላለችም፣
ሳፋውን ጥላ፣ ልጇን በሆዷ ሸፍና
ግንቡ ሥር ተኛች።
ሁሉንም በስክሪኔ አየሁት፣ ጥርት ባለ ምስል፣
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እስኪታይ።

«ለዚች?» አልኩ መጀመሪያ።
ኋላ ያ ዓመት ትዝ አለኝ፣
እኔም ከአልጋ ሥር ሆኜ ያደመጥኩት ድምፅ፣
ንብ ነው ስንል ንብ ያልሆነ፣
ወፍጮ ነው ስንል ወፍጮ ያልሆነ።
ጆሮ ግራም አያውቅም።

ወርጄ በሯን አንኳኳሁ። ጀማነሽ ትባላለች።
ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ያችኑ ድሮን በእጄ ይዤ፣
ሌላ ምን አለኝና።
«ይቺ ናት?» በአንድ ጣት ነካቻት፣ እንደ ጋለ ብረት።
«ይቺን አክላ?»
ከዚያ ዝም። ከዚያ፦
«ጣራዬ ታይቶሃል? በየት በኩል ነው የሚያፈሰው?»
አሳየኋት፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ፣ ሦስተኛው ቆርቆሮ፣
ሚስማሩ የዘለለበት።
አልሳቀችም። አልመረቀችኝም።
«እሺ። ሁለተኛ ግን እንዳታመጣት።»

ወሩ ሳይሞላ መመሪያው ተሻሻለ፤
ግራሙ ተሰረዘ፣ ከባድም ቀላልም ይቅረብ ተባለ።
ዘሀራ አምስት ገጽ አቤቱታ ጻፈች፣ አሁንም ትጽፋለች፤
ይመር የሱን ደብቆ ጠፋች አለ፣ እኔም አልጠየቅኩትም።
እኔ ወሰድኳት።
ጸሐፊው ደረሰኙ ላይ «አንድ፣ እግር የሌላት» አለ፤
«ክብደት» የሚለውን ባዶ ተወው።

እንድሪስ ጋ በርበሬ ልገዛ ስሄድ
«ተመለሰች ወይ?» ይለኛል፤
መልሴን ሳይጠብቅ በጣቱ ቆንጥሮ
ምርቃት ጣል ያደርግልኛል፣
አሥራ ሁለት ግራም ቢሆን ነው።